የአባቴ የብረት ብዕር

ትናንት ክፍል ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ብዕር ቀለም ተፍቶ ጣቶቿን አጠቆራቸው። ሽታው አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ መምህሩ የሚናገሩትን መስማት አቆምኩ። ሐሳቤ ደብረ ወርቅ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ሄደ።

አባቴ ብራና ላይ መጽሐፍ በእጃቸው የሚጽፉ ጸሐፊ ነበሩ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ቀኝ እጃቸው በድንገት ሰነፈ፤ ጣቶቻቸው ቀጭኗን የመቃ ብዕር መጨበጥ አቃታቸው። ለደብራችን ይጽፉት የነበረው የጸሎት መጽሐፍ ሊያልቅ ጥቂት ቅጠሎች ብቻ ቀርተውት ነበር። በልማዱ መጽሐፍ የጨረሰ ጸሐፊ በመጨረሻው ገጽ ስሙን ይጽፋል፤ ያነበበ ሁሉ ስሙን ጠርቶ ይጸልይለታል። ቀድሞ የጻፏቸው መጻሕፍት ወደማናውቀው አገር ሄደዋል። ይህኛው ግን እሳቸው በሚቀበሩበት ደብር የሚቀር ነበር።

አዲስ አበባ የሚሠራው ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ ወፍራም ጥቁር ብዕር ይዞ መጣ። ቀደም ሲል ከአባቴ አሮጌ መቃዎች አንዱን ወስዶ ለሰዓት ጠጋኝ በማሳየት፣ የብረት ጫፉን በዚያው ልክ ሰፋ ያለና ሰያፍ አድርጎ አስሞርዶት ነበር።

«ይህ የወረዳ ሹም ደረት ላይ የሚሰካው አይደል?» አሉ አባቴ።

«አባዬ፣ ጫፉን ይዩት እንጂ!»

«አየሁት። ሹሙስ በዚህ ምን ይጽፍበታል?»

«እሱማ ይፈርምበታል።»

እናቴ ሳቀች። አባቴ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ጎተት አድርገው ሞከሩት። ከዚያ ቁራጭ ብራና አመጡና ጸሐፊ አዲስ ብዕር ሲሞክር የሚጽፈውን «ፈተነ ብርዕ» የሚለውን ግዕዝ ጻፉ። ፊደሉ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆነ። እርጥቡ ቀለም በበሩ በሚገባው ብርሃን አብረቀረቀ።

«የራሴ እጅ ነው» አሉ ፊደሉን እያዩ።

ወንድሜ ወደ ሥራው ሲመለስ አንድ ጠርሙስ ቀለም ሰጥቷቸው «ከጠርሙሱ ቀለም ሌላ እንዳይጨምሩበት» ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። አባቴ ግን በጠርሙሱ ቀለም የጻፉትን በእርጥብ ጣት ቢነኩት ለቀቀ።

«ውኃ የሚወስደው ስም ምን ያደርግልኛል?» አሉና ከጥላሸትና ከተቆላ ገብስ አቡክተው ያዘጋጁትን የራሳቸውን ቀለም ሞሉበት። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፉ። በማግስቱ ቀለሙ ውስጡ ደርቆ ብዕሩን ደፈነው። እናቴ ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፈችው፤ እኔም ነፋሁበት። ጠብ የሚል ነገር የለም።

አባቴ ሰንጢያቸውን በግራ እጃቸው አነሱ። መቃ ሲደነዝዝ ጫፉ ይቀረጻል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። «አባዬ፣ ብረት እኮ ነው!» ብዬ ስጮህ ሰንጢው ጫፉ ላይ አርፎ ነበር። ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያ በልካቸው የተሞረደ ጫፍ ተሰንጥቆ ተጣመመ። አባቴ ብዕሩን አገላብጠው አዩትና ክዳኑን ገጠሙበት። አሁንም ያ ድምፅ አንዳንዴ እንቅልፌ ውስጥ ይመጣል።

ወንድሜ ደውሎ «ብዕሩስ?» አላቸው።

«ደኅና ነው፤ እየጻፍኩበት ነው» አሉት። ስልኩን ሲያቀብሉኝ ዐይኔን አላዩም።

ክረምት ሲገባ ቀድሞ ያስተማሩትን አንድ ጸሐፊ አስጠሩና የቀረውን እንዲጽፍ ሰጡት። ተማሪያቸው በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሲጽፍ እሳቸው ከጎኑ ሆነው ያዩ ነበር። ቤቱ የእርጥብ ቆዳ ሽታ ይሸታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ተማሪያቸው ቀና አለ።

«የኔታ፣ ስምዎን ልጻፍ?»

«የጨረሰው የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነው፤ ግን እኮ የኔታ...»

«እንግዲያው የራስህን ጻፍ። ልማዱን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

ተማሪያቸው ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ለመናቸው።

«ተነሥ! ብራናው ላይ እንዳታለቅስበት» አሉት።

ጻፈ። እንደ ደንቡም የመጨረሻውን ገጽ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። የራሱ ስም ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ የሰነፈውን እጃቸውን በደኅናው ደግፈው በዝግታ ተነሡ፤ ስሙ ተጠርቶ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙና ከሁላችንም በላይ ጮክ ብለው «አሜን» አሉ።