ጋሼ ቆይ «ቆይ» ያላላት ቡችላ

ነፍሱን ይማረውና አጎቴ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ሰፈሩ ግን «ጋሼ ቆይ» ይለው ነበር። በወጣት ውሾች ጆሮ ወይም ፊት ላይ አንዳንድ ጊዜ እንደ ካፖርት ቁልፍ ክብ፣ ቀይና መላጣ እብጠት ይወጣል። ባለቤቶቹ ካንሰር ነው ብለው ልባቸው ተሰቅሎ ይመጣሉ። እርሱም በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ፣ መስታወት ላይ በስሱ ቀብቶ፣ በአሮጌው ማይክሮስኮፑ ካየ በኋላ «ቆይ፣ ራሱ ይጠፋል» ብሎ ይሸኛቸዋል። እውነትም ይጠፋል።

ጎረቤታችን ጡረተኛው ሾፌር ቡችላ ታቅፎ የመጣው ሚስቱን በቀበረ ሰሞን ነው። ቡችላዋን ከመንገድ ያነሳቻት ሟቿ ነበረች። በዚያ ቤት ከቡችላዋ ሌላ የሚያናግረው አልቀረም።

«ቆይ ለማለት ማይክሮስኮፕ ምን ያደርግልሃል? እኔ ዕድሜ ልኬን ተሳፋሪውን ቆይ ስል በባዶ ዓይኔ ነው» ብሎ ቀለደበት።

አጎቴ አልሳቀም። እብጠቱ አንድ አልነበረም፤ ጆሮዋም፣ አንገቷም፣ የፊት እግሯም ላይ ወጥቷል። በማይክሮስኮፑ ሲያያቸው ሴሎቹ የሚያውቃቸውን ይመስላሉ፤ እብጠቱ ገላ ላይ እንዲህ ተበትኖ ግን አይቶ አያውቅም። ከአንዱ እብጠት ቆርጦ ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ላከ።

«እህሳ?» አለ ሾፌሩ።

«እኔ እንጃ። ውጤቱ ይምጣ።»

አጎቴ የተናገረው እውነቱን ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ሐኪም «እኔ እንጃ» ካለ ክፉውን መደበቁ ነው። ሚስቱ የታመመች ጊዜም የሆስፒታሉ ዶክተር ለሾፌሩ ያለው ይህንኑ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያየችውን ስቃይ የሚያውቀው እርሱ ነው። ይህችኛዋ እንኳ አትሰቃይብኝ አለና፣ ለማንም ሳይተነፍስ ሌላ ክሊኒክ ወስዶ በመርፌ ለዘለዓለም አስተኛት።

ከላቦራቶሪው ሲደውሉ ያው ደጉ እብጠት ነው፣ በዛ እንጂ ራሱ ይጠፋል አሉት። አጎቴ ጋዋኑን ሳያወልቅ ለማብሰር ሮጠ። ቡችላዋ ግን የለችም፤ ማሰሪያዋ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሾፌሩም ያደረገውን ነገረው። ምን ብሎ ይዋሽ? ከላቦራቶሪው የሰማውን እንደምንም ነገረው።

ሾፌሩ ማሰሪያውን አውርዶ ሲዳብሰው ቆየ። የጆሮዋ እብጠት በመጨረሻው ሰሞን መድረቅ ጀምሮ ነበር አለ፤ እርሱ ግን መሞቻዋ የደረሰ መስሎት ነበር።

«አንተ ሰው» አለው በዝግታ፣ «ቆይ ብትለኝ እኮ እቆይ ነበር።»

አጎቴ ክሊኒኩን አልዘጋም። ከዚያ ወዲያ ግን «ጋሼ ቆይ» ብሎ የጠራው ቢኖር ዞር ብሎ አያይም ነበር።