የድንበሩ የወፍ ቆሎ

መምህርት እፀገነት ላፍቶ ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ ስታስተምር ፀጉሯ ሸብቷል። እንደዚያ ሳምንት ግን ግራ ገብቷት አያውቅም።

ስለ አገር በቀልና ስለ ወራሪ ዕፀዋት እያስተማረች፣ ተማሪዎቿን ከየሰፈራቸው ቅርንጫፍ አምጡ አለቻቸው። ምስጢር የምትባል ቀልጣፋ ልጅ መሐሉ ቢጫ፣ ዳሩ ሮዝ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ይዛ ተነሣች።

«የወፍ ቆሎ ነው። ወፎች ፍሬውን በልተው በየሄዱበት ይዘሩታል። ሌላውን ተክል ያፍናል፤ ወራሪ ነው።»

«ጎበዝ። ከየት አመጣሽው?»

«ከእርስዎ አጥር፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። እፀገነትም አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ጋለ። ማታ ሻካራውን ቅጠል በጣቷ እያሸች አጥሩን ስታየው ቆየች። በማግስቱ፣ «ቅዳሜ ቤቴ ኑና ነቅለን ቀጋ እንተክላለን። ቀጋ የአገራችን ነው» አለቻቸው።

ቅዳሜ ልጆቹ ዶማና የቀጋ ችግኝ ይዘው መጡ። የመጀመሪያው ጉቶ እንደተነቀለ፣ ጎረቤቷ ኦቦ በንቲ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ብቅ አሉ። ሰፈሩ እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«እፀገነት፣ ምን አስቀየምኩሽ?»

«እርስዎ? ኧረ ምንም።»

«ታዲያ ድንበራችንን ለምን ትነቅያለሽ? ከባልሽ ከገሠሠ ጋር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሽማግሌ ቆሞ እያየ የተከልነው ነው። ቤቱን ልትሸጪ ከሆነ ንገሪኝ። ወደኔ ልትገፊ ከሆነም ፊት ለፊት ንገሪኝ።»

እፀገነት ደነገጠች። ጎረቤት ሳይጠራ የድንበር አጥር እንደማይነካ ታውቃለች። ተክሉን ብቻ ስታስብ ድንበርነቱን ዘንግታው ነበር። እየተንተባተበች ስለ ወራሪ ዕፀዋት አስረዳቻቸው።

«ከውጭ የመጣ ስለሆነ ነው? ያ ባሕር ዛፌም ከውጭ የመጣ ነው ይላሉ። ነገ ለሱም ዶማ ይዛችሁ ልትመጡ ነው?»

ልጆቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። «ከውጭ የመጣ ሁሉ ወራሪ አይደለም» ብላ ጀመረችና፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሣር እንኳ እንደሌለ ልብ አለች።

«ቲቸር፣ እንቀጥል ወይስ እንተወው?» አለ ሚሳኤል የተባለው ተማሪ በሹክሹክታ።

ብታቆም፣ ልጆቹ ትምህርቱ ለፈተና ብቻ ነው ይላሉ። ብትቀጥል፣ ባሏ ሲሞት ድንኳን የተከሉላት ሰው ደጃቸውን ሊዘጉባት ነው። ዶማዋን መሬት አስቀመጠች።

«ኦቦ በንቲ፣ ሳላማክርዎ መጀመሬ ጥፋት ነው። ካልፈቀዱ አንነካውም።»

ሽማግሌው ወደ ተነቀለው ጉቶ ጠጋ አሉ። ከዚያ በከዘራቸው ጉድጓዱን አመለከቱ።

«ቀጋውን አምጡ። አንዱን ስትነቅሉ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አንዱን ትተክላላችሁ። ስንዝር ፈቀቅ ካለ አስቆማለሁ።»

በርጩማ አስመጥተው ዳር ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው መስመሩን ያያሉ። «ወደ ቀኝ። ኧረ በዛ፣ መልሺ» ይሏታል ምስጢርን።

«ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ወደ እርስዎ ቢመጣስ?» አለ ሚሳኤል።

«ሥር አልከስም፤ አንተ ብቻ በደንብ ቆፍር።»

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። እፀገነት ይቅር ብለዋት ይሁን ድንበራቸውን እየጠበቁ፣ ፊታቸውን ብታይ ብታይ አልገባት አለ። ቀትር ላይ ጠጋ ብላ፣ «ይግቡና ከልጆቹ ጋር ምሳ ይቅመሱ» አለቻቸው።

«አጥሩ ሲያልቅ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመስመሩ ሳያነሡ።