የእናቴ ዜማ በምርጫ ሰሞን

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ስሠራ፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን አነባለሁ። አንድ ሰሞን የያዘኝ የድሮው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዘፈን ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ፓርቲዎቹ ኪስ የሚገባ የዘፈን መጽሐፍ ያሳትሙ ነበር። ብዙዎቹ ኖታ የላቸውም፤ ከግጥሙ በላይ በየትኛው ዜማ እንደሚዘፈን ብቻ ይጻፋል። ዜማውን ሕዝቡ ከመጠጥ ቤት ወይም ከጸሎት ቤት አስቀድሞ ያውቀዋል። ሀብታም ቤት ያደገ አንድ እጩ የግንድ ጎጆ ኗሪ ተብሎ ተዘፍኖለት አሸንፏል። ዜማውን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው ግን ብዙ ጊዜ አልተጻፈም።

ይህን የነገርኩት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ለአንድ ጠበቃ ነው። እዚሁ የተወለደ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ነው። እኔ ብዙ አላወራም። ያን ቀን፣ ከአምልኮ በኋላ የኪቦርዱን ገመድ ስጠቀልል፣ ምን እንደማነብ ጠየቀኝና አወራሁ።

«ዌይት፣ ብሮ። ሁሉም የሚያውቀውን ዜማ ወስደው ቃሉን ብቻ ቼንጅ ያደርጉታል?»

«አዎ።»

«እኛ ጋ ሁሉም የሚያውቀው እኮ የእናትህ መዝሙር ነው!»

እናቴ ያን መዝሙር ያወጣችው ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ነው። እኔ በኪቦርድ አጀብኩት፣ መዘምራኑ አጠኑት። መግቢያው ሲመታ ሰው ሳይነገረው ይነሣል።

«እሱ ይቅር» አልኩት። «ጸሎት ነው።»

«ሪላክስ፣ ብሮ። ሪስፔክትፉል አድርጌ ነው የማሠራው።»

ብዙም ሳይቆይ የጠበቃው የምርጫ ቪዲዮ በሁሉም ስልክ ላይ ነበር። በእናቴ ዜማ ላይ ከበሮ ተጨምሯል፤ ቃሉ እንግሊዝኛ ነው። «ጌታ» የሚለው ቦታ ላይ የጠበቃው ስም ገብቷል። ስሙ ስለሚረዝም ዜማውን እዚያ ላይ አጣድፈውታል።

እሑድ መግቢያውን መታሁ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች እዚህ የተወለዱ ናቸው፤ የአማርኛውን ቃል አንድም ቀን አልያዙትም። የእንግሊዝኛውን ግን በአንድ ድምፅ ለቀቁት፤ ስሙ ጋ ሲደርሱም አጣደፉት። ወላጆቻቸው «እሽሽ!» አሉ፣ ከዚያ እነሱም ሳቁ።

እናቴ አጠገቤ እጇን ዘርግታ ቆማ ነበር። ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ምን እያሉ ነው?»

«እሱን ምረጡ ነው የሚሉት፣ እማዬ።»

«ማንን? ጌታን?»

«ጠበቃውን።»

እጇን ሰብስባ ተቀመጠች።

የመዘምራኑ መሪ በሳምንቱ ጠራችኝ። «ወንድሜ፣ የምርጫው ቃል እስኪረሳ ድረስ መዝሙሩን ለጊዜው እናቆየው» አለች። ጠበቃው ተሸነፈ፣ ምርጫውም አለፈ፤ ልጆቹ ግን አሁንም የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ ይሉታል። መዝሙሩ እስካሁን አልተመለሰም።

ባለፈው እሑድ ጠበቃው በር ላይ አቀፈኝ።

«ብሮ፣ ሶንጉን እኮ ሰው ወዶት ነበር። ለሚቀጥለው ምርጫ ሌላ ዜማ አይጠፋህም አይደል?»

እናቴ ክንዴን እንደያዘች ቀደመችኝ።

«ሌላ የለኝም፣ ልጄ» አለችው።

ፈገግ ብሎ እጇን ጨበጣት። የቀለደች መስሎታል።

ድሮ ዕቃ ስታጥብ ያን ዜማ ታንጎራጉር ነበር። ያን ቀን ቤት ገብተን ስታጥብ የተሰማኝ የቧንቧው ውሃ ብቻ ነው።