የብዙ ቁጥር ናፍቆት

ስሜቱን የማይናገር ወንድ ሁሉ ጥልቅ ነው የሚል እምነት አለ። መጻሕፍት ናቸው ያስፋፉት። እኔም ብዙ አንባቢ ነኝና፣ ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ጥልቀት ስለካ ኖርኩ። ጉድጓዱ እስከ ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር።

ሰውየው ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው በኩል፣ አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል። እናቱ የእኛ አገር ሰው፣ አባቱ ሱዳናዊ፤ አማርኛው ስብርብር ያለ፣ ሴቱን በወንድ የሚጠራ። እኔ ዴም ሰፈር በተከራየኋት ክፍል የሐበሾችን ወረቀት ከዐረብኛ እተረጉም ነበር። በየሦስት ሳምንቱ፣ ሲያሰኘው በየወሩ፣ ዓርብ ቀትር ላይ ብቅ ይላል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ «ሙሽታጊን» ይለኛል። ናፍቀናል ማለት ነው። ከዚያ ምሳውን ይበላል፤ ስልኩን ያያል፤ ይሄዳል።

ተራ ሰላምታ መሆኑን አውቃለሁ። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ትርጉም ሰጠሁት። ለምን «ናፍቀሽኛል» አላለም? በአማርኛ ብዙ ቁጥር አክብሮት ነው፤ ዐይናፋርም «እኔ» ማለት ሲከብደው «እኛ» ብሎ ይሸሸጋል። ስለዚህ እያከበረኝ የሚሸሸግ አፍቃሪ ነው ብዬ ፈረድኩ። በትርጉም እንጀራ የምትበላ ሴት!

ጎረቤቴ ጸጉር ሠሪዋም አግዛኛለች። «እታለም፣ ተጎድቶ ነው። ታገሺው» ትለኛለች። ምን እንደጎዳው ግን አታውቅም።

አንድ ሳምንት እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ሥራ አግኝታልኛለች፤ እስከ ቅዳሜ መልስ ይፈልጋሉ። «ቅሪ» ካለኝ ልቀር ወሰንኩና፣ ዕቃ ሊገዛ ኦምዱርማን ሲሻገር አብሬው ሄድኩ።

ገበያው መግቢያ ላይ አንድ ጎማ ለጣፊ ሽማግሌ አገኘ። እጁን ደረቱ ላይ፣ ዓይኑን ሰበር፤ «ሙሽታጊን።» ቀጥሎ ለሽቦ ሻጩ። ቀጥሎ ለሪክሻ ነጂው፤ ያውም ለእሱ ዓይኑን ከእኔ ይበልጥ ሰበረለት።

«ይሄን ሁሉ ሰው ትናፍቃለህ?» አልኩት።

«ሰላምታ ነው እኮ። ተርጓሚ አይደለህም እንዴ?»

ስንመለስ ሚኒባሱ የወንዙ ድልድይ ላይ ተጨናንቆ ቆመ። ስለ ሥራው ነገርኩትና «ልሂድ ወይስ ልቅር?» አልኩት። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እያሰበ መስሎኝ ነበር። ለካ መውረጃው እንዳያልፈው ነው።

«እንደ ተመቸህ» አለኝ። «ያላ፣ እኔ እዚህ ልውረድ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ቆሰሉ ወንዶች የሚወራውን አልሰማም። ያ ሰው አንድም ቁስል አልነበረበትም። ጥሩ ይበላል፣ ጥሩ ይተኛል፣ ሁሉን እኩል ይናፍቃል። ቁስሉን የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ያለ ቁስሉ ሁለት ዓመት ለመጠበቅ ምን ሰበብ ይኖረኝ ነበር?

ቅዳሜ ለእህቴ ደወልኩና እመጣለሁ አልኳት።

«ሰውየውስ?»

«የለም።»

ደነገጠች። «ውይ፣ መቼ አረፈ?»

«ኧረ ደህና ነው» አልኳት። «ይሄኔ የሆነ ቤት ምሳ እየበላ ይሆናል።»