ከዴንቨር ኤርፖርት የተጫነው የመቂ ቲማቲም

በድሉ በዴንቨር አየር ማረፊያ ታክሲ መንዳት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ቤቱ ኦሮራ፣ ጆሮው ግን መቂ ነው። እህቱ ፈትለወርቅ እዚያ ቲማቲም ታመርታለች፤ እሱ ደግሞ ተሳፋሪ ከሚጠብቅበት ሰልፍ ውስጥ ሆኖ፣ በቴሌፎን ካርድ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ትሉ፣ ስለ ሳጥኑ ምስማር ሳይቀር ያዛል። የሰልፉ ሰዎች እንደሚሉት ከሆነ፣ ያለ በድሉ ፈቃድ አዲስ አበባ የሚገባ ሰላጣ የለም።

በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፈትለወርቅ ደፈረች። ደላላው ማሳ ድረስ እየመጣ በወደደው ዋጋ ያነሳባት የነበረውን ቲማቲም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ አይሱዙ ተከራይታ ወደ አትክልት ተራ ይዛ ወጣች። መቶ ሃያ ሳጥን።

ዴንቨር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሚስኮል አደረገች። በድሉ መልሶ ደወለ።

"አይሱዙው ቆቃ ላይ ቆመ። ሳይነጋ ካልገባሁ ገዢ የለኝም፤ ነገ ደግሞ ሙቀቱ ያፈላዋል። ደላላው ከወዲሁ ሰምቶ ደውሎልኛል።"

"ምን አለሽ?"

"'ካስፈለገ እኔ አለሁ' አለኝ። ድምፁ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው።"

በድሉ ከታክሲው ወርዶ ጉዳዩን ለሰልፉ አወጀ። ሃያ ያገሩ ልጅ ሾፌር ከበበው፤ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንኳ እንዲህ አልሰበሰባቸውም። አንዱ መካኒክ ይላክ አለ፤ ሌላው እዚያው ስልስ ይሠራ አለ። የሁሉም ታላቅ ጋሽ ዘውዱ ግን፣

"አንተ፣ ዳውንታውን ሰው አድርሰህ ስትመለስ ምንድን ነው የሚያናድድህ?" አሉት።

"ባዶ መመለሴ ነዋ።"

"እኮ። ሀዋሳ ሲሚንቶ አራግፎ፣ እየተናደደ ባዶውን የሚመለስ ሰው ፈልጋ።"

ሃያ ካርድ ተፋቀ። ከሀዋሳ እስከ ዝዋይ ከእንቅልፉ ያልተቀሰቀሰ ዘመድ የለም፤ ዶሮዎቹም ያለ ሰዓታቸው ጮኹ ይባላል። በመጨረሻ የጋሽ ዘውዱ የእህት ልጅ ጓደኛ፣ ባዶ አይሱዙ ይዞ መቂን ሲያልፍ በስልክ ተያዘ።

አስተናባሪው መጥቶ "በድሉ፣ ተራህ ደርሷል፣ ተርሚናል ሂድ" አለው።

"ሌላ ሰው ላክ፤ ቲማቲም እየጫንኩ ነው" አለ በድሉ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳይነቅል።

ዴንቨር ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ከአትክልት ተራ ጫጫታ መሃል የፈትለወርቅ ድምፅ መጣ።

"አራት ሳጥን ተጨፍልቋል። ሌላውን ተሻምተው ወሰዱት። ደላላውም መጥቶ ነበር፤ ጥቂት ሳጥን ሽጪልኝ ብሎ።"

"ምን አልሽው?"

"ተሰለፍ አልኩታ። እናንተ ደግሞ ለሐሙስ መኪና ከአሁኑ ያዙልኝ።"