የሺመቤትን ያስተማርኳት ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ አያውቀውም፤ እናቴም ሳትሰማው ሞታለች። ለንስሐ አባቴ እንኳ "በሐሰት መስክሬያለሁ" ብዬ አለፍኩት እንጂ በማን ላይ፣ የት፣ ለምን እንደሆነ አልዘረዘርኩም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ጾምና ስግደት ሰጡኝ፤ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። ጉልበቴን አመመኝ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። የምናገረው ግን እንድታዝኑልኝ አይደለም። "ዘመኑ ነው እንዲያ ያደረገሽ" ልትሉኝ ከሆነ ከዚሁ ተመለሱ። ዘመኑን አውቀዋለሁ፤ ኖሬበታለሁ። ዘመኑ አፍ የለውም። አፉ የእኔ ነበር።

መንዝ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ የታሪክ መምህርት ነበርኩ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ አዲሱ ሕገ መንግሥት ጸድቆ ትንሿ ጥራዝ በየመሥሪያ ቤቱ ትታደላለች። እኔም አንዷን አግኝቼ ነበር። በዐሥረኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነገሥታት ቀስ በቀስ በሕግ እንዴት እንደታሰሩ የሚያስተምር ምዕራፍ ነበረ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቼ ደግሞ ጠዋት ውርጩን ረግጠው ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። ቃላቱን እንደ ዳዊት ሸምድደው ይወጡታል፤ ትርጉሙን ሲጠየቁ ግን ይተያያሉ።

ስለዚህ እንግሊዝኛውን ተውኩትና በአማርኛ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው፤ ሕገ መንግሥት፣ የሕግ የበላይነት፣ የሥልጣን ክፍፍል፣ ተጠያቂነት። "ከመጽሐፉ አትንገሩኝ፤ ከአገራችሁ አምጡልኝ" አልኳቸው። መጀመሪያ አፈሩ። ቀስ እያሉ ግን መጡልኝ። የሥልጣን ክፍፍልን አንዱ ተነሥቶ፣ በሽምግልና ላይ ተበዳዩ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ እንደማይቀመጥ ማለት ነው አለ። ሕገ መንግሥትን የተረጎመችው የሺመቤት ናት።

የሺመቤት ረዥም፣ ቀጭን፣ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ብዙ አትናገርም፤ ከተናገረች ግን ቃሏን አታጥፍም። ተነሥታ፣ "ጓሳ ሲዘጋ ለሁሉም ነው የሚዘጋው" አለች። ጓሳ ማለት አገሩ በጋራ የሚጠብቀው፣ ቤት የሚከደንበት ሣር ነው፤ ቀኑ ደርሶ እስኪከፈት ማንም አይነካውም። "ጠባቂውም ቢሆን ቤቱ ቢያፈስበትም አያጭድም። ሕገ መንግሥት ጠባቂውም የማያጭድበት ሕግ ነው።" ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መሬት አልረገጥኩም ማለት ይቻላል፤ በማስተማር ዘመኔ እንዲያ ኮርቼ አላውቅም። ይህን የምነግራችሁ ልጅቷን እንዴት እወዳት እንደነበር እንድታውቁ ነው። ሳልወዳት ብክዳት ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የመሬት ድልድል መጣ። የየሺመቤት አባት ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ ገብስ የሚያርሱ፣ በጎች ያሏቸው፣ ከጅረቱ ዳር ጥሩ ማሳ የነበራቸው ሰው ናቸው። በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥተው ደልዳዮቹን ማን እንደመረጣቸው ጠየቁ። ይኸው ነው ያሉት። ከስብሰባው ወስደው ወረዳው ፖሊስ ጣቢያ አሰሯቸው። ሳምንት አለፈ፤ ፍርድ ቤት የሚያቀርባቸው የለም።

የሺመቤት ትምህርት ካለቀ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ጠበቀችኝ። አላለቀሰችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

"ቲቸር፣ ያስተማሩን ቃል ለፈተና ብቻ ነው?"

ምን ልበላት? "አይደለም፤ ለኑሮ ነው" አልኳት። ትንሿን ጥራዝ ከቦርሳዬ አውጥቼ የታሰረ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሚለውን አንቀጽ አሳየኋት። በቃሏ እስክትይዘው ደጋገምነው። እኔ ፖሊሱን ሆንኩ፤ እሷ ራሷን ሆነች። ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ፣ አንቀጹን ጥሪ፣ አትለማመጪ አልኳት። ልትወጣ ስትል መለስ ብላ፣ "ማን አስተማረሽ ቢሉኝስ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ በያቸው" አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ደፋር መምህርት መሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሰው ልጅ እግር ጣቢያ ድረስ ሄጄ ደፈርኩ።

ሄደች። እንዳስተማርኳት ቆማ፣ አንቀጹን ጠርታ፣ አባቴን ወይ ፍርድ ቤት አቅርቡልኝ ወይ ልቀቁልኝ አለቻቸው። ይህን በኋላ ሰማሁ። በማግስቱ ከሰዓት በፊት ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠራኝ። ገብቼ ሳይ ከወረዳ የመጣ አንድ ኃላፊ ተቀምጧል፤ የሺመቤት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። ዝናብ ያገኘው ሰው ጥግ ሲያይ እንደሚሆነው ሆነች። ያን ፊት ነው የማልረሳው።

ኃላፊው አልጮኸም፤ አላስፈራራም። ትሑት ሰው ነበር። "መምህርት፣ ይህች ልጅ የላኳት እርስዎ እንደሆኑ ትናገራለች። እርስዎ ከሆኑ የመምህር ምክር ነው ብለን እንተወዋለን። እርስዎ ካልሆኑ ግን ከኋላዋ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው" አለ።

ወጥመድ ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው የኔን ነው። በዚያን ጊዜ የዲግሪ ትምህርት ዕድል ደርሶኝ የወረዳው ማጽደቅ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። መጀመሪያ ይህን ስጽፍ "ፈራሁ" ብዬ ነበር፤ ሰረዝኩት። ፈርቼ ቢሆን ጉልበቴ በተንቀጠቀጠ፣ አፌ በደረቀ። አልሆነም። አሰብኩበት። የሰማን ሰው የለም፤ እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው። ከተማሪና ከመምህር ማን እንደሚታመን አወቅሁ። ካወቅሁ በኋላ ተናገርኩ።

"እኔ የትም አላኳትም። ስሜን ለምን እንዳነሣች አላውቅም።"

የሺመቤት፣ "ቲቸር?" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ኃላፊው ወደ እሷ ዞሮ፣ "እንግዲህ የላከሽን ሰው ትነግሪናለሽ" ሲል እኔ ወጥቼ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። አስተማርኩ። ጠመኔው በእጄ አልተሰበረም፤ ድምፄም አልተቆረጠም። ሰው ሲዋሽ አንድ ነገር ይሆናል ብላችሁ ታምኑ ይሆናል። ምንም አይሆንም።

ከዚያ የሆነው ይህ ነው። ከኋላዋ ያለው ሰው አባቷ ናቸው ተባለ፤ ከእስር ሆነው በልጃቸው በኩል ሕዝብ ያነሣሣሉ ተብለው ድልድሉ እስኪያልቅ ሳይለቀቁ ቆዩ። የጅረቱ ዳር ማሳ ለሌላ ተሰጠ። የሺመቤትን ደግሞ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ፊት ለፊት አቁመው፣ በመምህሯ ስም በመዋሸቷ ከትምህርት ታግዳለች ብለው አነበቡባት። መምህራን ከሰልፉ ጎን ተደርድረን ነበር። ተማሪው ሁሉ እሷን ያያል፤ እሷ እኔን ታያለች፤ እኔ ባንዲራውን አያለሁ። ደብተሮቿን አቅፋ በበሩ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመንደሯ "ዋሾዋ" ተባለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ዝም ብዬ እሞት ነበር። ግን ጋሽ ደምሴ ተፈቱ፤ ተፈተውም ወደ እኔ መጡ።

ከትምህርት ቤቱ በር ስወጣ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆመው አገኘኋቸው። ከስተዋል። ሊሰድቡኝ የመጡ መስሎኝ ተዘጋጀሁ፤ እውነቱን ለመናገር ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ዝቅ ብለው እጅ ነሡኝ።

"መምህርት፣ ልጄ ስምዎን በሐሰት አንሥታ አስቸግራዎታለች። የእኔ መታሰር ነው ያሳበዳት። ውሸት አላስተማርኳትም ነበር። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉን።"

ምን ያህል ቀላል ነበር! አንዲት ቃል። ያ ኃላፊ የለም፣ ዳይሬክተሩ የለም፣ የዲግሪውም ነገር በዚያን ጊዜ አልቆ ወረቀቴ ወጥቷል። የምፈራው ሰው በመንገዱ ላይ አልነበረም። እና ምን አልኳቸው?

"ይቅር ብያለሁ። ልጅ ናት፤ አይፍረዱባት።"

ይቅር አልኳቸው! መሬታቸውን፣ የልጃቸውን ትምህርት፣ የልጃቸውን እውነት ወስጄ፣ ይቅርታውን እኔ ሰጠኋቸው። እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ እንኳ አልሸሸሁም። መረቁኝ። በቢሮው የዋሸሁትን ውሸት ለጥቅሜ ነው ልል እችላለሁ፤ ይህንን ለምን ዋሸሁት? ደግ ሆኜ መታየት ስለጣፈጠኝ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ዓመታት አለፉ። ዲግሪዬን ያዝኩ፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ያንኑ ምዕራፍ፣ ያንኑ ቃላት አስተማርኩ። ተጠያቂነት ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ማንም ድንጋይ አልወረወረብኝም። ጥሩ መምህርት ተባልኩ፤ ነበርኩም። ይህን አልክድም። ጥሩ መምህርት መሆኔ የሠራሁትን አያጠበውም፤ የሠራሁትም ጥሩ መምህርት መሆኔን አላስቀረውም። ሁለቱንም ተሸክሜ እሄዳለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ሞላሌ ላይ ባና ልገዛ ገብቼ ነበር። የሱፍ ብርድ ልብስ በጀርባዋ ቆልላ የምትሸጠውን ሴት ዋጋ ጠይቄ ቀና ስል የሺመቤት ናት። ወፍራለች፤ አይኗ ግን ያው ነው። "ቲቸር፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ፣ ትናንት የተለያየን ያህል። ትምህርቷን በማታ እንደጨረሰች፣ ልጆች እንደወለደች ነገረችኝ። እኔ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ልጀምር ስል እጇን አነሣች።

"ለእኔ አይንገሩኝ። እኔማ አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ይንገሩ።"

ባናውን እያጣጠፈች ቀጠለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። መሬቱንስ ረስቶት ነበር። ግን ውሸታም ልጅ ወለድኩ እንዳለ ነው የሞተው። አልጋው ሥር ተንበርክኬ ማልኩለት። 'መምህርቷ እንኳ ይቅር ብላሻለች፤ አንቺም ተይው' አለኝ።"

ባናውን ሸጠችልኝ። ዋጋም አልቀነሰችልኝም፣ አልጨመረችብኝም።

ለማያውቁት ይንገሩ አለችኝ። ነገርኩ? አልነገርኩም። ጡረታ በወጣሁ ዓመት ያ የድሮው ትምህርት ቤት የቀድሞ መምህራንን ጠርቶ ጋቢ አለበሰን። ያው ግቢ ነው፣ ያው የሰልፍ ቦታ። ንግግር አድርጊ ተባልኩ። ሕዝቡ ሞልቷል፤ የየሺመቤት ቀበሌ ሰዎች ከፊት ተቀምጠዋል። ማይኩን ይዤ ስለ ትምህርት ጥቅም ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ። ስለዚህ ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ እንዳትሉልኝ። አርጅቼም፣ ማንም ሳያስፈራኝ፣ ጋቢ ለብሼ ደግሜዋለሁ።

አሁን የምጽፈው ሕሊናዬ ስላላስተኛኝ አይደለም፤ ደህና እተኛለሁ። የምጽፈው ዕዳው የእኔ ሆኖ ሳለ ስሙ በሌላ ሰው ላይ ስለተለጠፈ ነው። ባሌ ይህን ሲያነብ አረጀሽ፣ ምን አመጣብሽ ይለኛል። ይበል። የያኔው ዳይሬክተር በሕይወት ካለ ይቀየመኝ ይሆናል። ይቀየመኝ። የንስሐ አባቴም ቢሆኑ በቤተ ክርስቲያን ያለቀ ነገር ነው ቢሉኝ፣ እሳቸው ፊት የዘለልኩትን እዚህ ሞልቼዋለሁ።

ይቅርታ አልለምንም። ማንን እለምናለሁ? ጋሽ ደምሴ አፈር ውስጥ ናቸው፤ ይቅርታውንም ቀድሜ ከአፋቸው ነጥቄዋለሁ። የሺመቤትም አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ ሌላ ነው። እናንተም ብትምሩኝ የምትምሩት የማይመለከታችሁን ነው።

በዚያ ሰልፍ ላይ የቆማችሁ፣ ዛሬ አባትና እናት የሆናችሁ፣ "ዋሾዋ" እያላችሁ በመንገድ ያለፋችኋት፣ ስሙኝ። አንቀጹን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ወደ ጣቢያው የላኳት እኔ ነኝ። ስሜን ጥሪ ያልኳትም እኔ ነኝ። የሺመቤት ደምሴ በዚያ ቢሮ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። በቤታችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ፤ እሷንም ሞላሌ ገበያ ላይ ብታገኟት በስሟ ጥሯት።