ከባሕር በኋላ ያለው ቀን

አቡዘር ዕድሜውን ሙሉ ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፤ እግሩን ግን አንዴም ባሕር ውስጥ ነክሮ አያውቅም። ይህን ሲናገር የሚያምነው የለም። ለሰፈሩ ለአቃቂ በሰቃ ልጆች ጅቡቲ ሲባል የሚታያቸው ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ ነው። ለእሱ ጅቡቲ ማለት የወደቡ አጥር፣ ከአጥሩ ውጭ የተሰለፉ ተሳቢዎች፣ ከተሳቢ ሥር ካርቶን አንጥፎ መጋደምና ሙቀት ነው። ወረፋ ሲደርስ ኮንቴይነሩ ይጫናል፤ ከተጫነ ደግሞ አይታደርም። የከባድ መኪና ሹፌር ደንቡ ይኸው ነው፤ ባዶህን ትወርዳለህ፣ ጭነህ ትወጣለህ፣ ከጫንክ አትቆምም። ባሕሩማ የትም አይሄድም፣ በሚቀጥለው ጉዞ ይደርሳል ሲል ፀጉሩ ሸበተ።

ሰውነቱም አለቀ። እንቅልፍ የሚያስለቅቀው ዓይነት ድካም አልነበረም። ቃሊቲ ጉምሩክ ግቢ ገብቶ ከካቢናው ሲወርድ በሩን ይዞ ትንሽ ይቆማል፤ ጉልበቱ እስኪመለስለት ነው። ረዳቶቹ ጎማ የሚያይ ይመስላቸውና ያልፉታል። ወገቡ ቀጥ ብሎ መቆም እምቢ ካለው ቆይቷል። ኩላሊቱ አንዴ አዋሽ ላይ፣ አንዴ ሚሌ ላይ መንገድ ዳር አንከባሎታል። ሁለቱንም ጊዜ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ መሪውን ያዘ። ሌላ ማን ይይዘዋል?

ቤት ሲደርስ የሚያውቀው ፍራሹን ብቻ ነበር። ሚስቱ ሰዓደት ልጆቹን ወደ ግቢ ታስወጣና «ዝም በሉ፣ አባታችሁ ተኝቷል» ትላለች። የመጨረሻ ልጃቸው ኢሽራቅ አንደኛ ክፍል ሳለች ቤተሰባችሁን ሳሉ ተባሉ። እሷ ሁሉንም አቁማ፣ አባቷን ብቻ አጋድማ ሳለችው። አስተማሪዋ «ምነው፣ ታመመ እንዴ?» ብትላት «አልታመመም፣ አባቴ ነው» አለቻት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አቡዘርም አብሮ ሳቀ፤ በማግስቱ መሪ ይዞ ሎጊያን ሲያልፍ ግን ነገሩ ትዝ ብሎት ሆዱ ባባ።

ባለፈው ዓመት ረመዳን ሲወጣ የመኪናውን ቁልፍ ለባለንብረቱ መለሰ። ለሰዓደትም «በቃኝ፤ ከእንግዲህ ጋላፊ ኬላን በሕልሜም አላየው» ብሎ ቃል ገባላት። እሷ «ኢንሻአላህ» አለች እንጂ ብዙም አልፈነደቀችም፤ ባሏን ታውቀዋለች። እንደፈራችውም ቤት መዋል አልሆነለትም። ጠዋት ቁርሱን ጎረስ ጎረስ አድርጎ ወደ ጋራዦቹ ይወጣል፤ በማያገባው ሞተር ውስጥ አንገቱን አስግጎ «ይሄ የኖዝል ድምፅ ነው» ሲል ይውላል። ማታ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ለሰዓደት የተለወጠው ነገር ቢኖር የሚያድርበት ቦታ ብቻ ነው።

እንዲህ እንዳሉ ነው ኢሽራቅ ያን ወሬ ይዛ የመጣችው። ሳሪስ ያለ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ በሙከራ ላይ ናት። አለቃዋ ወልደገብርኤል ይባላል፤ ሰው በሚያስጨንቅበት ሰዓት ፈገግ የሚል ሰው ነው። እራት እየቀረበ ሳለ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታወልቅ ጀመረች።

«አባዬ፣ ከሆላንድ ባልና ሚስት ሊመጡ ነው። በአንድ ጉዞ ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። ባሌ ላይ በእግራቸው እየተጓዙ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ማየት፤ ከዚያ ደግሞ ጅቡቲ ባሕር ውስጥ መጥለቅ።»

«መጥለቅ?»

«አየር በጀርባቸው አዝለው ባሕሩ ሥር ይወርዳሉ። አውቶቡስ የሚያህል ሻርክ አለ አሉ፤ ሰው አይነካም። አጠገቡ እየዋኙ እሱን ማየት ነው።»

«ሱብሃነላህ! እኛ አጥር ሥር ስንቃጠል ይሄ ሁሉ ጉድ እታች ነበር በይኛ!»

ኢሽራቅ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «አለቃዬ ዕቅዱን አንቺ አውጪው አለኝ። አባትሽ ሁለቱንም መንገድ ያውቁታል፣ እሳቸው ከነዱልን ቋሚ ትሆኛለሽ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው አባዬ።»

ወጥ ስታወጣ የነበረችው ሰዓደት ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ እንዳቆመች ቀረች። አቡዘር ወደ እሷ ማየት አልደፈረም። «እስቲ መጀመሪያ ዕቅዱን እንየው» አለ። እሺም እንዳላለ፣ እምቢም እንዳላለ ሦስቱም ገባቸው።

ዕቅዱን ያወጣው ታዲያ ከወደብ ማዳበሪያ ጭኖ እንደሚያመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ጅቡቲ፣ ኋላ ባሌ። «ሙቀቱን ጉልበት እያለን እንጋፈጠው፤ ከዚያ ደጋ ስንወጣ ነፋሱ ራሱ ያሳርፈናል» አለ። እንግዶቹ ከባሕር እንደወጡ ፎጣቸው ሳይደርቅ መኪና ውስጥ ይገባሉ፤ እሱ ጋላፊን በጊዜ አልፎ፣ አዋሽ ላይ እራት አብልቶ፣ በሻሸመኔ አድርጎ ባሌ ሳነቴ አናት ላይ ያወጣቸዋል። ከጫኑ አይታደርማ!

ኢሽራቅ ይህን አሳምራ ጽፋ ለእንግዶቹ ላከችው። ከዚያ በኋላ የሰዎቹ ጥያቄ ማለቂያ አጣ። የምናድረው ድንኳን ነው ሎጅ? ባልየው ጉልበቱን ያመዋል፣ ፈረስ ይገኛል ወይ? ሚስትየዋ ሥጋ አትበላም፣ ጅቡቲ ላይ ምን ትበላለች? አንዴ በአውሮፕላን ይሁንልን ይላሉ፤ አንዴ አይ፣ በመኪና፣ አገሩን እያየን። ማታ ማታ አባትና ልጅ ሻይ ይዘው ይቀመጡና አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይፈርስባቸዋል። «ሳይመጡ ደከሙኝ» አለ አቡዘር። «ማዳበሪያ ስጭን ማዳበሪያው አንድም ቀን ምን ልብላ ብሎኝ አያውቅም።» ሰዓደት ከእነሱ ራቅ ብላ ልብስ ታጥፋለች።

አንድ ቀን ኢሽራቅ ስልኳን እያየች ገባች። «አባዬ፣ ዕቅዱን ገለበጡብን። መጀመሪያ ባሌ፣ መጨረሻ ባሕር ይሁን ብለዋል።»

«ለምን ሲባል?»

«ውሃ ሥር ሲቆዩ የሚተነፍሱት አየር ደማቸው ውስጥ ይገባል። ቶሎ ብለው ከፍታ ላይ ከወጡ ደማቸው ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ ይሆናል፤ አረፋው ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከባሕር ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ እዚያው ባሕር ዳር ቁጭ ማለት አለባቸው።»

«ቁጭ ብለው ምን ይሠራሉ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ሕጉ ነው አባዬ። አየሩ ከደማቸው እስኪወጣ ይጠብቃሉ።»

አቡዘር ከት ብሎ ሳቀ። ሰው ባሕር ገብቶ ስለወጣ አንድ ቀን ያርፋል! ሻዩን ፉት ሲል ግን ሳቁ ጠፋ። ነገሩ ከአእምሮው አልወጣ አለ። ሲያስበው ቀና። በሻርኩ አልቀና፣ በቀበሮውም አልቀና፤ በዚያች ባዶ ቀን ቀና። ተነስ የሚል ስልክ የማይደወልባት፣ ወረፋህ ደርሷል የማትባልባት፣ ያለማንም ወቀሳ ቁጭ የሚባልባት ቀን። እሱ ከዚያ ከባሕር ዳር ስንት ጊዜ ሽቅብ ወጥቷል። የእሱን ደም የጠየቀው ማን ነበር?

ኢሽራቅ ይህን ፊቱ ላይ ሳታየው አልቀረችም፣ አንድ ሐሳብ አመጣች፤ ለእንግዶቹ ምግብ የምታበስል ሴት ስለምትፈለግ እናቷ ትሂድ። አቡዘር በሐሳቡ ጮቤ ረገጠ። በማግስቱ ጠዋት ጋራዡን ትቶ፣ ግቢ ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ልብስ የምታጥበው ሚስቱ ዘንድ ሄደ።

«ሰዓደት፣ አንቺም ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ። ምግቡን ትሠሪላቸዋለሽ፣ ባሕሩንም ታዪዋለሽ። በዚያች ባዶ ቀን አንቺም እኔም ቁጭ እንላለን።»

ሰዓደት ቧንቧውን ዘጋች። «ባሕር አሳየኝ ብዬህ አውቃለሁ?»

«አላልሽም፣ ግን…»

«ባሕር አልናፈቀኝም። ለእንግዳ ስቀቅል ውዬ ቁጭ አልኩ አልልም። ሁለቱ ፈረንጆች ለጨዋታ ገብተው ሲወጡ አንድ ቀን ተሰጣቸው። አንተ ከዚያ ስንቴ ወጣህ አቡዘር? አንድ ቀን የሰጠህ አለ? አንተስ ለእኔ ሰጥተኸኝ ታውቃለህ? መጣህ ተኛህ፣ ተነሳህ ሄድክ። ያገባሁት ሰው እንቅልፉን ሲጠግብ ምን እንደሚያወራ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ለማን ብዬ ነው የደከምኩት የሚለው አፉ ድረስ መጣ፤ እውነቱንም ነው፣ ቤቱም የልጆቹም ትምህርት ከዚያ መንገድ ነው የወጣው። ይህን እሷም አትክድም። የጠየቀችው ግን ሌላ ነገር ስለሆነ፣ አፉ ላይ የደረሰውን ዋጠውና ወደ ቤት ገባ።

ያን ዕለት ማታ ለኢሽራቅ ቁርጡን ነገራት። «እኔ አልነዳም። ሀይረዲን ይሂድ።» ሀይረዲን የጎረቤታቸው የስልጤ ልጅ ነው፤ ጎበዝ ሹፌር ነው፣ የጅቡቲንም መንገድ ጥቂት ጊዜ ተመላልሶበታል።

«አባዬ፣ ሥራዬ እኮ ነው! ሀይረዲንን ማን ጠየቀ?»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ዕድሜህን ሙሉ ለማታውቀው ሰው ዕቃ ስትጭን ኖረህ፣ ለእኔ አንዴ ስትባል ደከመህ?»

ይህ ቃል ውስጡ ገባ። ደክሞኛል ቢላት ሰበብ እንደሚመስል ገባው። ኢሽራቅ በሯን ዘግታ ገባች። ሰዓደት አላመሰገነችው፣ አላጽናናችውም። የልጇም ነገር ሆዷን በልቷታል።

ሳሪስ ድረስ ራሱ ሄዶ ለወልደገብርኤል ነገረው። ሰውዬው ፈገግ አለ። «ጋሽ አቡዘር፣ እኔ እኮ እርስዎን ብዬ ነበር። እንግዲህ የልጅቷን ነገር እንግዶቹ ሲመለሱ እናየዋለን።» አቡዘር መንገድ ላይ ሲመለስ ሁለት ጊዜ ሐሳቡን ቀየረ፤ ሁለት ጊዜ ስልኩን አውጥቶ መልሶ ኪሱ ከተተው። ልጁን እንደጎዳት ያውቃል። ሁለቱንም ማስደሰት የሚችልበት ጉልበት ግን አልቀረውም፤ የቀረችው ጥቂት ናት፣ እሷንም የት እንደሚያውላት መምረጥ ነበረበት።

ለሀይረዲን መንገዱን አስጠናው፤ የቱ ኬላ ላይ ምን እንደሚጠየቅ፣ የቱ ጋ ነዳጅ እንደሚጠፋ፣ ለባሌ ዲንሾ ብርድ ምን እንደሚያዝ። መጨረሻ ላይ ጣቱን ቀስሮ «ከባሕር ሲወጡ አንድ ቀን ቁጭ ነው። የከባድ መኪና አመል እንዳያነሳህ» አለው። ታኅሣሥ ላይ እንግዶቹ መጡ፣ ከሀይረዲን ጋር ጉዞ ጀመሩ። ከባሌ ቀይ ቀበሮ አየን የሚል መልእክት ደረሰ። ኢሽራቅ መልእክቱን ለእናቷ አነበበችላት፤ አባቷ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ካነጋገረችው ሰንብታለች።

እንግዶቹ ከባሕር በወጡ ማግስት፣ በዚያች ባዶ ቀን ጠዋት ኢሽራቅ ወደ ሥራ ስትወጣ «ቻው አባዬ» አለችው። ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ የሚበቃው ሆኖ ተሰማው። ጫማውን አጥልቆ ወደ ጋራዦቹ ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። ሀይረዲን ነው።

«ጋሽ አቡዘር፣ ኧረ ላብድ ነው! ሰዎቹ ባሕር ዳር ተጋድመው መጽሐፍ ያነባሉ። መኪናው ደህና ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው። ቀስ እያልን ብንወጣ ምን ይላሉ?»

«ቁጭ በል።»

«ምን እየሠራሁ?»

«ምንም አትሥራ ተብለሃል። ቁጭ በል!»

ስልኩን ዘግቶ እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ጋራዥ ውስጥ የሚጠብቀው ሰው እንደሌለ ያኔ ነው የታወቀው። ተመለሰ፣ ጫማውን አወለቀ። ሰዓደት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች።

«ምን ረሳህ?»

«ምንም። ዛሬ የትም አልሄድም።»

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጨነቀው፤ ከጎመኑ አንድ ቅጠል አንስቶ ያለአግባቡ ቆረጠው፤ እሷ የተበላሸውን ተቀብላ ወደ ጎን አስቀመጠችው። ከዋናው መንገድ የከባድ መኪና ጡሩምባ ይሰማል። ፀሐይዋ ሞቅ ስትለው ዓይኑ መከደን ጀመረ፤ ብድግ ብሎ ቧንቧው ጋ ሄደና ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰዓደት ቀና ብላ አየችው።

«ከደከመህ ገብተህ ተኛ እንጂ።»

«አልተኛም። አጫውችኝ።»

«ምን ላጫውትህ?»

«እኔ ያልነበርኩበትን።»

ሰዓደት የያዘችውን ጎመን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እሱ እኮ ሁሉም ነው» አለች። አቡዘር ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።